ቡቱን መጠገን ወይስ ፎርማት?

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስኩ አልነሳ (ቡት አላደርግ) ካለ፣ ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ ብትወስዱት ቶሎ የሚሰማው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። እኔ ግን የማስነሻ ፋይሎቹ ጥገና ይቅደም እላለሁ።

ከሁለቱም በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ መታየቱን አረጋግጡ። ካልታየ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ነቅላችሁ መልሱ፤ ችግሩ የሶፍትዌር ላይሆን ይችላል። ከዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። እንዲህ የሚል ዲስክ በተነሣ ቁጥር ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል፤ የልጆች ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ከያዘ ጥገናም ፎርማትም ሳይነካው መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጁ። በውስጡ ያለው ስታርትአፕ ሪፔር የተበላሹ የማስነሻ ፋይሎችን ለመመለስ ይሞክራል፤ ሰነዱም ፕሮግራሙም በቦታው ይቆያል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን መሞከሩ ብዙም አያስከፍልም።

ፎርማት ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ቫይረስ ሥር የሰደደበትን ማሽን በዚህ ባጸዳው እመርጣለሁ። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ የሒሳብ ፕሮግራሙም የአማርኛ መጻፊያውም እንደገና ይጫናል። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይባላል፤ ዲስኩ ሲ እና ዲ ተብሎ ከተከፈለና ፎርማት የሚደረገው ዊንዶውስ ያለበት ሲ ብቻ ከሆነ እውነት ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ግን በአብዛኛው የሚገኘው ሲ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰውም እዚህ ላይ ነው።