ድመትና ውሻ ላለበት ሳሎን የትኛው የመስኮት ብላይንድ፦ ሮለር፣ ዜብራ፣ አሉሚኒየም ወይስ ቨርቲካል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመጋረጃ ሱቅ ስትገቡ ቀለሙ ምን ይሁን፣ መስኮቱ ስንት በስንት ነው ትባላላችሁ። ቤታችሁ ድመት አለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ድመት ባለችበት ቤት የብላይንዱን፣ ማለትም የዚያን የሚጠቀለል ወይም ባለ ቅጠል የመስኮት መሸፈኛ፣ ዕድሜ የምትወስነው ደግሞ እሷው ናት። ጨርቁ የቱርክ ይሁን የቻይና ግድ የላትም።

እንስሳ ከብላይንድ ጋር ጠብ የለውም። የሚፈልገው መስኮቱን ነው፤ ፀሐይ መሞቅ፣ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የሚመላለሱትን እርግቦች ዓይኑን ሳይነቅል መከታተል። መንገዱን ከዘጋችሁበት ይቧጥጣል፣ ይጎትታል፣ ወይ በመሃል ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው በሦስት ነገር ነው፦ ገመዱ አደጋ አለው ወይ፣ ጥፍር ይችላል ወይ፣ ሲበላሽስ እዚሁ ይጠገናል ወይ? ውበቱን እናንተ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ገመዱ

አብዛኛው ብላይንድ ከጎኑ የዶቃ ሰንሰለት ወይም ገመድ ይንጠለጠልበታል። የሚወዛወዝ ነገር አይታ ዝም የምትል ድመት የለችም። ሰንሰለቱ ደግሞ ጫፍና ጫፉ የተገናኘ ቀለበት ነው፤ ጭንቅላቷ ከገባ ለመውጣት በታገለች ቁጥር ይብስባታል፣ ከመስኮቱ ደፍ ከዘለለች ደግሞ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ለሚድኽ ልጅም አደጋው ያው ነው። በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው ደረጃ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ብላይንዶች ገመድ አልባ እንዲሆኑ፣ ካልሆነም ገመዳቸው አጭር ወይም የማይደረስበት እንዲሆን ያዘዘው ሕፃናት ስለሞቱበት ነው።

አውሮፓ በ2014 የተሻሻለው ደረጃ ደግሞ ገመድ የሚጠቀለልበት ማሰሪያ ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ ይላል። ለእኛ ሳሎን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ወለል ላይ የሚዘረጋው መቀመጫ፣ መጅሊስ አለና። መጅሊሱ መስኮቱ ሥር ከተዘረጋ፣ ትራሱ ላይ የቆመ ልጅ ወይም ከዚያ ላይ የምትዘል ድመት እዚያ ከፍታ በቀላሉ ይደርሳሉ። ስለዚህ ልኬቱን ከትራሱ አናት ጀምሩ፣ ወይም ሰንሰለቱን መጅሊስ ወደሌለበት ጎን አዙሩት። ሱቁ ሲያዝላችሁ «ሰንሰለቱ በቀኝ ይሁን በግራ?» ይላል። ብዙ ሰው እንደመጣለት የሚመልሳት ጥያቄ ይቺ ናት።

ባለ ሰንሰለት ከገዛችሁ ከታች ግድግዳው ላይ የሚመታውን መወጠሪያ ፕላስቲክ አብራችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ገጣሚው ነው አንድ ቀዳዳ መብሳት ሰንፎ የሚተወው። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ጭንቅላት የሚገባበት ክፍተት አይኖርም፣ የሚወዛወዝም ስለማይሆን ድመቷ ቶሎ ትሰለቸዋለች። በስፕሪንግ የሚሠራ፣ የታችኛውን ዘንግ በእጅ ይዛችሁ የምታወርዱትና የምትሰቅሉት ሮለር ካገኛችሁማ እዳው ገብስ ነው፤ በጣም ሰፊ ለሆነ መስኮት ግን ክብደቱ አይመቸውም። ባለ ሞተርም አለ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያለው መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ሮለር ከዜብራ

ሁለቱም ከላይ በዘንግ ላይ የሚጠቀለሉ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ፣ ዜብራው ደግሞ ዓይን ይስባል። ሳሎን ያሳምራል፣ አልክድም። ድመት ላለው ሰው ግን ሮለር ይሻላል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ዜብራ አንድ ረጅም ጨርቅ በታችኛው ዘንግ ዞሮ ተመልሶ የሚወጣ፣ ሁለት ንብርብር ያለው ነገር ነው፤ አንዱ መስመር ድፍን፣ አንዱ መስመር ወንፊት። ወንፊቱ የድመት ጥፍር ይይዛል። አንዴ ከተያዘ ክሩ ይሳባል፣ የተሳበ ክር ደግሞ አይመለስም። ድመቷ እጇን በሁለቱ ንብርብር መሃል ከሰደደችና አንዱን ከጎተተች መስመሮቹ ይዛነፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ዝጉ ስትሉት በደንብ አይዘጋም። ፀጉሩም አለ፤ በሁለቱ መሃል የገባ ፀጉር እስኪወጣ ድረስ አሳር ነው።

ሮለር አንድ ንብርብር ነው። ፊቱ ልሙጥ፣ ፕላስቲክ የተቀባ ዓይነቱን ከመረጣችሁ ጥፍር የሚጨብጠው ነገር አያገኝም፣ ፀጉሩም በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲጠረግ ይነሳል። ሻካራ፣ የሸማኔ ሥራ የሚመስለውን ጨርቅ ግን ተዉት። ለዓይን ቆንጆ ነው፣ ለድመት ደግሞ ጥሩ ጥፍር መሳያ ነው። ሱቅ ውስጥ ናሙናውን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ክር ከተነሳ ቤትም ይነሳል።

ብርሃን እያሳለፈ ወደ ውጭ የሚያሳይ የሮለር ዓይነትም አለ፣ የቀዳዳው መጠን በፐርሰንት ይነገራል፣ 3 ወይም 5 የሚል ታያላችሁ። ቀን ቀን ድመቷም እናንተም በእሱ በኩል ታያላችሁ። ማታ መብራት ስታበሩ ነገሩ ይገለበጣል፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ያያችኋል። አስፋልት ዳር ለሆነ ሳሎን ከኋላው ሌላ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

አሉሚኒየም ከቨርቲካል

በአግድም የተደረደረውን ቀጭን አሉሚኒየም፣ ቢሮ ቢሮ የሚሸተውን፣ እንስሳ ላለበት ቤት አልመክርም። ድመት በመሃሉ ለማየት ጭንቅላቷን ስትሰድ ወይም ውሻ በአፍንጫው ሲገፋው ቅጠሉ ይታጠፋል፣ አንዴ የታጠፈ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ታጠፈ ብር ምልክቱ አይለቅም። አንዱን ቅጠል ለመቀየር ገመዱን ከሁሉም ላይ መፍታት ይጠይቃል። በቅጠሎቹ መሃል የሚያልፉት ቀጫጭን ገመዶችም ራሳቸው ተስበው ቀለበት ሊሠሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ የጎኑን ገመድ ማሳጠር ብቻውን አደጋውን አያጠፋውም። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቅጠል የተሻለ ይችላል፣ ግን ከባድ ነው፣ ውድም ነው።

ቅጠሎቹ ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠሉትን ቨርቲካል ሰው «አሮጌ ፋሽን» እያለ ይንቀዋል። እንስሳ ላለው ሰው ግን ከሚታሰበው በላይ ይመቻል፣ በተለይ ወደ በረንዳ ለሚያስወጣ ሰፊ በር። ቅጠሎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ውሻ ሲያልፍ ገለጥ ብለው ይመለሳሉ። አንዱ ቢሰበር ያንኑ አውጥቶ ሌላ ማንጠልጠል ነው። ሁለት ነገር ግን አስተካክሉ። አንደኛ፣ ከታች ቅጠሎቹን የሚያያይዛት ቀጭን ሰንሰለት አለች፤ ለድመት መጫወቻ ስለሆነች አውጥታችሁ ጣሏት። ሁለተኛ፣ በገመድና በሰንሰለት ፈንታ በአንድ በትር የሚከፈተውንና የሚዘጋውን እዘዙ። ጨርቅ ከሆነ የቡናውና የዕጣኑ ጭስ ይገባበታል፣ ከአቦል እስከ በረካ በየቀኑ የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ነጭ ጨርቅ መልኩን ይለውጣል፤ ስለዚህ የሚጠረገው ፕላስቲክ ይሻላል። ጉድለቱ ንፋስ ላይ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ከሆነ ሲንኳኳ ይውላል፣ ቀትር ላይ ጋደም ማለት የሚወድ ሰው ካለ ይማረራል።

ተራው የጨርቅ መጋረጃስ? ድመት ትወጣበታለች፣ አለቀ። ግን ታጥቦ ይመለሳል፣ ቢቀደድም ለሰፊ ይሰጣል፣ ከእጅ ይሻላል ዶማ።

ድመትና ውሻ አንድ አይደሉም

ለድመት ከታች ክፍት ተዉላት። ብላይንዱን እስከ ደፉ ድረስ ከማውረድ 15 ወይም 20 ሳንቲም ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፤ እሷ በዚያ በኩል ታያለች፣ እናንተም ከመንገድ አትታዩም። ከመስኮቱ አጠገብ የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት እንጨት ብታቆሙላት ጥፍሯን እዚያ ትስላለች።

ውሻ ግን ተቃራኒው ነው። በወሎ ብዙ ቤት ውሻ ከግቢ አያልፍም፣ ሳሎን የሚገባው ድመት ነው፤ ውስጥ የሚያኖር ግን የሚያውቀው ችግር አለ፣ መንገደኛ ባየ ቁጥር መጮህና መስኮቱ ላይ መንጠልጠል። ለእሱ የታችኛው መስታወት መሸፈን አለበት። ብላይንዱን ቀኑን ሙሉ ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ከመቀመጥ የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወተትማ ስቲከር አስለጥፉት። ብርሃን ይገባል፣ ሰው አይታይም፣ ብላይንዱም ከላይ በሰላም ይኖራል።

አገጣጠሙ፦ ውስጥ ወይስ ከግድግዳው ላይ?

በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ የሚገባው ንጹሕ ይመስላል፣ ግን መስኮታችሁ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ አይሆንም፣ ይጋጫሉ። ከድመቷም አንጻር እንየው። ብላይንዱ ከመስታወቱ ተጠግቶ ከገባ እሷ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ የምታየው ጨርቁን ነው፤ ከዚያ መቧጠጥ ትጀምራለች። ከግድግዳው ላይ ከተመታ ግን ከጎን ሾልካ ከኋላው ትገባለች፣ ደፉ ሙሉ በሙሉ የሷ ይሆናል። ግድግዳቸው ወፍራም የሆነ የድንጋይ ቤቶች ለዚህ ይመቻሉ። እኔ ከግድግዳው ላይ የሚመታውን እመርጣለሁ፤ በየጎኑ ከ7 እስከ 10 ሳንቲም ተርፎ እንዲሸፍን አድርጉ። ውስጥ ከሆነ ደግሞ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩና ትንሹን ስጡ፤ መቀነስ ያለበትን ሱቁ ይቀንሰው ወይስ እናንተ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁለታችሁም ከቀነሳችሁ በጎኑ ጣት ያስገባል።

አሁን ግድግዳው። ድመት ስትንጠለጠልበት የሚነቀለው ጨርቁ ሳይሆን ማያያዣው ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክፍቱ ቦታ ላይ የተመታ ፊሸር ይሽከረከራል እንጂ አይጨብጥም። ከመስኮቱ በላይ ኮንክሪት ካለ እሱን በሃመር ድሪል አስበሱ፣ ረዘም ያለ ብሎን አስገቡ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ አትድከሙ። መጀመሪያ ወፍራም ጣውላ ከቋሚው እንጨት ጋር ይመታ፣ ብላይንዱ ከጣውላው ላይ ይታሰር። ኮርኒስ ላይ እንስቀለው የሚላችሁን አትስሙ፤ አቡጀዲም ቺፑድም እንኳን ድመት ብላይንዱን ብቻውን በቅጡ አይችሉም። ስትጨርሱ ዘንጉን በውሃ ልክ እዩት፣ ሮለር ትንሽ ካዘነበለ ጨርቁ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ይበላል።

ደሴና ኮምቦልቻ

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ብርዱና ጉሙ አለ፤ ጨርቅ ከቀዝቃዛ መስታወት ጋር ከተጣበቀ እርጥበት ይይዛልና ከመስታወቱ ራቅ አድርጉት፣ ይህም ከግድግዳው ላይ የሚመታውን ያስመርጣል። ኮምቦልቻ ችግሩ ፀሐይ ነው። ጀርባው ነጭ የሆነ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ሮለር ሙቀቱን ይመልስላችኋል። ድመቷ ግን ከሰዓት በኋላ በራሷ ጊዜ ደፉን ትታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ስለምትዘረጋ በዚያ ሰዓት እስከ ታች ብታወርዱት ቅር አይላትም።

እንግዲህ እኔ ብሆን፦ ድመት ብቻ ካለች ልሙጥ ሮለር በስፕሪንግ፤ ውሻ የሚመላለስበት የበረንዳ በር ካለ እዚያ ላይ ባለ በትር የፕላስቲክ ቨርቲካል። ዜብራ የግድ ካላችሁ እንግዳ መቀበያው ክፍል ለብቻው በር ኖሮት የሚዘጋ ከሆነ፣ አብሽሩ፣ ግዙት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር። የሚሸጠው በካሬ ስለሆነ ድርድሩ ሁሉ ዋጋ ላይ ያልቃል፤ እናንተ መለዋወጫውንም አንሱ። ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ አንድ ቅጠል ወይም አንድ የሰንሰለት መያዣ ለብቻው ማስመጣት ራስ ምታት ነው። «ወንድምዓለም፣ ሁለት ሦስት ትርፍ ቅጠል ከዚሁ ቀለም ጨምርልኝ» በሉት፣ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ።