«ዘ ቤቢ ሲተርስ ክለብ»ን ካደጉ በኋላ ማንበብ

የሕፃናት ሞግዚትነት ክለብ ስላቋቋሙ ልጃገረዶች የሚተርኩት የአን ኤም. ማርቲን ተከታታይ መጻሕፍት መታተም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዛሬ ሲነበቡ ከልጃገረዶቹ የሞግዚትነት ሥራ ይልቅ ልብ የሚነካው የወላጆቻቸው ፍቺና ዳግም ጋብቻ ነው። በቁጥር 6 መጽሐፍ የክለቡ አባል የክሪስቲ እናት ታገባለች። በ28 የሌላዋ አባል የስቴሲ ወላጆች ይፋታሉ፤ ከማን ጋር እንደምትኖር መምረጥ ያለባት ራሷ ናት። ከሁሉም የምናስበልጠው ይህንን ነው፤ የምርጫውን ክብደት አያቃልለውም።

ከ1 ጀምሩ፣ ከዚያ 3፣ 6 እና 13። ስቴሲ ወደ ኒውዮርክ የምትመለሰው በ13 ስለሆነ፣ እሱን የዘለለ ሰው 28 ላይ ግር ይለዋል። አባላቱን እንደ አዲስ የሚያስተዋውቀው ምዕራፍ (ብዙ ጊዜ ሁለተኛው) በየመጽሐፉ ስለሚደጋገም፣ አከታትሎ የሚያነብ ቢያልፈው አይጎዳም።

አያት ወይም ለገጣፎ አካባቢ አሮጌ ቅጂ ካገኛችሁ መሃሉን በቀስታ ገልጣችሁ እዩ፤ ሙጫው ደርቆ ከሆነ ገጾቹ ይረግፋሉ።