ጎንደር ስትሄዱ መኪናውን በጽሑፍ ተዋዋሉ

ከውጭ መጥታችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ፋሲል ግቢን ለማየት ካሰባችሁ፣ መኪና ከመያዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን ቦታ ሁሉ በቴሌግራም ጽፋችሁ ለሹፌሩ ላኩለት። «እሺ» ብሎ ሳይመልስ ቀብድ አትስጡ።

ግቢው ውስጥ ምንም ቅሬታ የለኝም። አስጎብኚያችን አዋቂ ሰው ነው። «እማማ፣ እዚች ጋ ደረጃው ያዳልጣል» እያለ እናቴን እጇን ይዞ ነው ያዞራት። ልጆቼ ተወልደው ያደጉት ውጭ ነው፤ አፄ ፋሲል ከጀመሩት በኋላ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ የየራሳቸውን ሕንፃ እንደጨመሩ እያሳየ ነገራቸው። ትልቋ ልጄ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። የመሬት መንቀጥቀጡንም፣ እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ የጣሉትን ቦምብም ሳይሰለች አስረዳት።

መኪናው ነው ያቃጠለኝ። ከሹፌሩ ጋር በስልክ ስንነጋገር ፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብዬ አንድ በአንድ ጠርቼለታለሁ። በ6,000 ብር ተስማማን፤ ነዳጁም እዚያው ውስጥ ነው አለ። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀጠረው ሚኒባስ ወደ 4 ሰዓት ገደማ መጣ። በደወልኩ ቁጥር «ደርሻለሁ፣ ፒያሳ ነኝ» ነው። ይሁን ብለን አለፍነው። ከግቢው ስንወጣ ግን በሩን ሳይከፍት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ መዋኛው እኮ ለብቻው ነው፤ 3,500 ይጨምራሉ» አለኝ። ከግቢው መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው! የተስማማነውን ሳነሳበት «ነዳጅ ተሰልፌ አድሬ ነው የቀዳሁት» አለ። የነዳጅ ሰልፉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ችግሩ ይገባኛል። ታዲያ በስልክ ስንነጋገር ምን አፉን ያዘው? እናቴ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጣል አድርጋ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ጉልበቷን ያማታል። እሷን ይዤ የትም እንደማልሄድ ስላየ ነው የጨመረብኝ። እኔ የምኖርበት ሀገር ዋጋው ሳትሳፈር ስልክህ ላይ ይታያል። አዲስ አበባም እኮ እንደዚያ ሆኗል። እናቴ «ተወው ልጄ፣ ለሀገርህ ልጅ ነው» ስትለኝ ከፈልኩ። ንዴቱ ግን አብሮኝ ዋለ።

መዋኛው ደረቅ ነበር፤ ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባለት ለጥምቀት ነው። ልጆቹ ግን የግንቡን ድንጋይ ቆንጥጦ የወረደውን የዛፍ ሥር እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። እኔም አገሬ መግባቴ የታወቀኝ ያኔ ነው። ለቁስቋም ደግሞ ሌላ ጭማሪ ሲጠይቅ እዚያው ሸኘሁት።

ሥላሴን በማግስቱ በባጃጅ ሄደን አየን። ባለ ባጃጁ ልጅ ከአነጋገሬ ከውጭ እንደመጣሁ ገብቶታል፤ ግን የሆቴሉ ዘበኛ ከነገረኝ ዋጋ አንድ ብር አልጨመረም። እናቴ ጣሪያው ላይ ከተሳሉት መላእክት ዓይኗን መንቀል አቅቷት ስትዘገይም ደጅ ቆሞ ጠበቀን፤ ለመቆያ ልስጥህ ብለው አልቀበልም አለኝ።