ብላስት ወይስ ሃመር? በጥራጥሬ ውስጥ የፕሮቲዬዝ አጋጅ ጂኖችን ለሚፈልግ

በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፣ የጣና ውሃ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚዘሩት ሽምብራና ጓያ የነፍሳትን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያግዱ ፕሮቲኖች (የፕሮቲዬዝ አጋጆች) አሏቸው። ባሕር ዳር ሆኖ ጂኖቻቸውን በኮምፒውተር የሚያስስ ሰው በቅድሚያ ከሁለት የቅደም ተከተል መፈለጊያ ፕሮግራሞች፣ ከብላስት (BLAST) እና ከሃመር (HMMER)፣ አንዱን መምረጥ አለበት።

ወጪ፦ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ቅለት፦ ብላስት በድረ ገጽም ስለሚሠራ አንድ የታወቀ የአኩሪ አተር አጋጅ ቅደም ተከተል መለጠፍ ይበቃል፤ በድረ ገጽ የሚሠራው ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይቆማል። ሃመር በላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ የትእዛዝ መስመር (ትእዛዝን በጽሑፍ መስጠት) መልመድን ይጠይቃል።

ስጋት፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ብላስት ከአንድ ናሙና ጋር ስለሚያነጻጽር የራቀ ዘመድ ሊያመልጠው ይችላል። ሃመር የቤተሰቡን የጋራ መልክ ይዞ ስለሚፈልግ የራቀውንም ይይዛል፤ ሆኖም ከአጋጆቹ ቤተሰቦች አንዱ በሆነው በኩኒትዝ ውስጥ ኢንዛይም የማያግዱ አባላትም ስላሉ ዝርዝሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። እኔ ዝርዝሩን ለማጣራት ሲስቲኖችን (ሰልፈር ያላቸውን አሚኖ አሲዶች) በእጄ እቆጥራለሁ (አሰልቺ ቢሆንም)፤ በሌላው የአጋጅ ቤተሰብ፣ በተለመደው የጥራጥሬ ቦውማን-በርክ፣ 14 ሲስቲኖች በ7 የሰልፈር ድልድዮች ሲጣመሩበት፣ በኩኒትዝ ብዙውን ጊዜ 4 ሲስቲኖችና 2 ድልድዮች ይገኛሉ።

አንድ የታወቀ ጂን በሽምብራ ውስጥ መኖሩን ብቻ ለማጣራት ብላስት ይበቃል። በ2013 ይፋ ከሆነው የሽምብራ ጂኖም ቤተሰቡን በሙሉ ለመልቀም የሚሻ ግን በሃመር ይጀምር።