የራጂ መከላከያ ሳህን በድሮ ብስክሌት ላይ፦ ይቆይ ወይስ ይነሳ?

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ባለ ማርሽ ብስክሌት ሲገዙ በኋላ ጎማው ቀኝ በኩል፣ በትልቁ ጥርስ (ካቴናው በሚዞርበት ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ) እና በራጂዎቹ (የጎማውን መሃልና ዙሪያ በሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) መካከል ክብ ሳህን ተቀምጦ ያገኛሉ። ክሮም የተነከረ ብረት፣ የተበሳሳ አሉሚኒየም ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ብዙ የድሮ ብስክሌት ወዳጆች መልኩ አይጥማቸውምና ብስክሌቱ እጃቸው በገባ ማግስት አውልቀው ይጥሉታል። ሌሎች ደግሞ ፋብሪካ የገጠመው አይነካም ብለው የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ እያንኳኳባቸው ይነዳሉ። ሁለቱም ወገን የሚያየው ሳህኑን ነው። መታየት ያለበት ግን ካምቢዮው፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው ዕቃ፣ የተንጠለጠለበት ብረት (ማንጠልጠያው) ነው። እሱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሳህኑ የመልክ ጉዳይ ይሆናል፤ ከታጠፈ ግን ራጂዎቹን የሚጠብቃቸው ሌላ ነገር የለም።

ከምን ያድናል?

የኋላ ካምቢዮ ካቴናውን ወደ ትልቁ ጥርስ ሲያወጣ ማለፍ የሌለበት ወሰን አለ። ወሰኑን የምትጠብቀው ካምቢዮው ላይ ያለች ትንሽ ብሎን ናት፤ ብዙውን ጊዜ «ኤል» የሚለው የላቲን ፊደል አጠገቧ ተጽፏል። ብሎኗ ከላላች ወይም ማንጠልጠያው ወደ ውስጥ ከታጠፈ ካቴናው ትልቁን ጥርስ አልፎ ከራጂዎቹ ጎን ይወድቃል። ይህ ደግሞ የሚደርሰው ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ፣ ቀላሉን ማርሽ አውጥተው ፔዳሉን ቆመው በሚረግጡበት ሰዓት ነው። ካቴናው በሙሉ የእግር ጉልበት እየተጎተተ ስለሚገባ ወይ ራጂዎቹን ይግጣል ወይ ተሰንቅሮ ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ካምቢዮው ራሱ በራጂ ሲያዝ ነው። ጎማው ይዞት ወደ ላይ ይጠመዝዘዋል፣ ማንጠልጠያው ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፣ ጎማው ባለበት ቀጥ ይላል። ሳህኑ በቂ ስፋት ካለው የካምቢዮው ጎን በላዩ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ራጂ ውስጥ አይገባም።

ካቴና የጋጠው ራጂ ሁልጊዜ ያኔውኑ አይበጠስም። 36 ራጂ ባለው ጎማ በቀኝ በኩል 18 አሉ፤ ከእነሱ ወደ ውጭ የወጡት 9ኙ ናቸው የሚጋጡት። የተለመደው ራጂ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በላዩ የተፈጠረች ቀጭን ጭረት ጎማው በዞረ ቁጥር እየጠለቀች ትሄድና ሁሉም ነገር ከተረሳ በኋላ እዚያው ጭረቱ ላይ ይቆረጣል። አንዱ ሲቆረጥ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚዛወር ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ።

አሜሪካ በ1970ዎቹ ባወጣችው የብስክሌት ደህንነት ደንብ፣ ካምቢዮ ያለው ብስክሌት ሁሉ ካቴናው ጎማውን እንዳያቆም የሚያግድ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ አንዳንዶች እንደሚያስቡት ሳህን ያለው ብስክሌት ሁሉ ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክ

ሦስቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ «ሳህን ይነሳ» ወይም «ሳህን ይቆይ» የሚለው ጥቅል ምክር የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የክሮም ብረቱ ጠንካራ ነው። እንደ አሜሪካው ሽዊን ቫርሲቲ ባሉ የያኔው ዘመን ብስክሌቶች ላይ የምናየው ትልቁ የሚያብረቀርቅ ሳህን ይህ ነው፤ እሱን ማንሳት ብስክሌቱን ከዘመኑ መልክ ያጎድለዋል። አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ተበስቶ በፍሪዊሉ (በኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) እና በሞዞው (ራጂዎቹ በሚነሱበት የጎማው እምብርት) መካከል ተጣብቆ ስለሚያዝ አይንኳኳም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ከኋላው ጭቃና ዘይት ይጠራቀምና ራጂዎቹ ከሞዞው በሚወጡበት ክርን ላይ ዝገት ይጀምራል። ላይ ላዩን የዛገ ክሮም በውኃ በረጠበ የአሉሚኒየም ወረቀት ሲታሽ ይመለሳል፤ ከዚያ ስስ ሰም ይቀቡታል። ክሮሙ ተላልጦ ከተነሳ ግን ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ያለ ጓንት አይንኩት።

የአሉሚኒየሙ ቀላልና የማይዝግ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ቆሻሻው እንዲወጣ ይረዱታል። ችግሩ ልስላሴው ነው፤ አንድ ጊዜ ከታጠፈ እያወዛወዘ ራጂውን ወይም ካቴናውን ይነካል።

ፕላስቲኩ በአብዛኛው በጥፍሮቹ ራጂዎቹ ላይ ይቆነጠጣል። አዲስ ሳለ ሥራውን ይሠራል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ከዚያ በኋላ ያለቦታው መዞርና መንኳኳት ይጀምራል። ጥፍሩ የተሰበረ ወይም ከመሃል እስከ ጠርዝ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ምንም አይከላከልም፤ ካቴና ሲወድቅበት ተሰብሮ ራሱ ይሰነቀራል። እንዲህ ያለውን ለማንሳት ማመንታት አያስፈልግም። ጥያቄው በምትኩ አዲስ ይገባ ወይስ አይግባ የሚለው ነው።

ስለ ክብደት ብዙ ይወራል። ከአንድ የውኃ ጠርሙስ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚህ ምክንያት አይወስኑ።

የትኛው ብስክሌት ላይ ይቆይ?

አንዳንድ ብስክሌቶች ካምቢዮው የሚሰቀልበት ቦታ ከፍሬሙ ጋር አብሮ አልተሠራላቸውም፤ በጎማው ዳዶ የሚታሰር ተለጣፊ ማንጠልጠያ አላቸው። ይህ ብረት ስስ ነው፣ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ዳዶው ላላ ካለም ይሸራተታል። እዚህ ላይ ሳህኑን ያቆዩት፤ ከሌለም ይግዙለት። መገጣጠሚያዎቹ ያለቁ የላሜራ ካምቢዮም እንዲሁ ነው። የካምቢዮውን ታች ይዘው ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ብዙ የሚወዛወዝ ከሆነ ብሎኗ በትክክል ብትታሰርም ካምቢዮው ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። ብስክሌቱን መኪና ላይ የሚጭን፣ ከሌሎች ጋር ደርቦ የሚያቆም ወይም ለጀማሪ የሚያውስ ሰውም ማንሳቱ አይመከርም፤ በቀኝ ጎን አንዴ መውደቁ ማንጠልጠያውን ለማጠፍ ይበቃል፣ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። የያኔው ዘመን ካምቢዮ ማንሻ ደግሞ በአብዛኛው ያለ ጠቅታ የሚሳብ ነው፤ እጅ አብዝቶ ከሳበ ከብሎኗ በቀር የሚያቆመው የለም።

በሌላ በኩል ማንጠልጠያው ከፍሬሙ ጋር አብሮ የተሠራ ወፍራም ብረት፣ ካምቢዮው ጥብቅ፣ ነጂውም ብስክሌቱን ራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ማንሳት ይቻላል። ለእሽቅድምድም የተሠራ ብስክሌት ላይ ባዶ ራጂ ለዘመኑ መልክ የሚስማማ ነው። ለትዕይንት ብቻ የሚቆም ብስክሌት ላይ ግን ዋናውን ሳህን ማውለቅ ትርጉም የለውም።

ከማንሳትዎ በፊት ማንጠልጠያውን ይፈትሹ። ከብስክሌቱ ኋላ ቁጢጥ ብለው ሲመለከቱ የካምቢዮው ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ከጥርሶቹ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መታየት አለባቸው። የታችኛው ወደ ራጂዎቹ ካዘነበለ ታጥፏል። በትክክል ለመለካት ካምቢዮው ተፈትቶ የማንጠልጠያ መለኪያው በቀዳዳው ውስጥ ይታሰራል፣ ከዚያ በቸርኬው ላይ በአራት አቅጣጫ ርቀቱ ይነበባል። ልዩነቱ ከ4 ሚሊሜትር ከበለጠ ይቃናል። ብረት ሳይሞቅ ቀስ ተብሎ ይመለሳል፤ አሉሚኒየም ግን ሊሰነጠቅ ይችላል።

አወላለቅ

የፕላስቲኩን ጎማው ሳይፈታ በፒንሳ መቁረጫ ከጠርዝ ወደ መሃል ሁለት ቦታ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ራጂዎቹን እንዳይነኩ ብቻ ይጠንቀቁ። በሞዞው ላይ የተያዘውን ብረት ግን በመጋዝም በግራይንደርም አይቁረጡ። ራጂውን ወይም ሞዞውን ሳይነኩ መጨረስ ከባድ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ፍሪዊሉን መፍታት ነው። ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ አውርደው ጎማውን ያውጡ። የፍሪዊሉን መሃል ይመልከቱ፦ 12 ትንንሽ ጥርሶች ያሉት የሺማኖ መፍቻ፣ ሁለት ወይም አራት ጎድጎዶች ያሉት ደግሞ የየራሱን መፍቻ ይፈልጋል። ሁለት ጎድጎድ ያለው ላይ መፍቻው ከተንሸራተተ ጎድጎዱን ያበላሸዋልና መፍቻውን በጎማው ዳዶ ወይም በኩዊክ ሪሊዙ (ጎማው ያለ መፍቻ በሚፈታበት ማንሻ) ዘንግ አጥብቀው ይያዙት። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስረው ጎማውን እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ ያዙሩ። ልክ እንደላላ ያቁሙና ዳዶውን ያላሉ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። ይህን የዘለለ ሰው ዘንጉን ሊሰብር ይችላል። ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ፍሪዊሉ ራሱን እያጠበቀ ስለኖረ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ሳህኑን ካወጡ በኋላ ስፋቱን ሳይሆን የመሃሉን ውፍረት ይለኩ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፤ ሳህኑ በፍሪዊሉና በሞዞው መካከል ስለነበር ሲወጣ ፍሪዊሉ በዚያው ውፍረት ልክ ወደ ራጂዎቹ ይጠጋል። 1 ሚሊሜትር ብዙ አይመስልም፤ ካምቢዮው ግን በድሮው ቦታ እንደተስተካከለ ነውና የማርሽ አቀያየሩ ይዛባል፣ ትልቁ ጥርስም ራጂዎቹን ሊነካ ይችላል። በሳህኑ ፋንታ በእኩል ውፍረት ራንዴላ ማስገባት ቦታውን ያስጠብቃል። ተቃራኒውም እውነት ነው፦ ባለ 5 ማርሽ ፍሪዊል የነበረበት ብስክሌት ላይ ባለ 7 አስገብተው ወፍራም ሳህን ቢጨምሩ ትንሹ ጥርስ ፍሬሙን ሊነካ ይችላል።

ሲመልሱ ፍሪዊሉ የሚታሰርበትን የሞዞውን የብሎን ጥርስ ያጽዱ፣ ግሪስ ይቀቡ፣ ፍሪዊሉን በእጅ ብቻ ያዙሩ። አሉሚኒየም ሞዞ ላይ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ጠማማ ከገባ ሞዞው ይበላሻል።

ምትክ ለሚገዛ

ሳህኑ ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ዙሪያውን በጥቂት ሚሊሜትር መብለጥ አለበት። ባለ 24 ጥርሱ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር በካቴናው መስመር ሲለካ 97 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የባለ 28ቱ 113፣ የባለ 34ቱ ደግሞ 138 ይሆናል፤ የጥርሱ ጫፍ ጥቂት ይጨምርበታል። ዳገት ለማቅለል ወደ 34 የተሻገረ ሰው የድሮውን ሳህን መልሶ ቢያስገባ ሳህኑ ከጥርሱ ሊያንስ ይችላል፤ ያኔ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ የሚታየው የመሃሉ ቀዳዳ ነው፤ የፍሪዊል ሞዞ የብሎን ጥርሱ ስፋት ወደ 35 ሚሊሜትር ነው፣ የካሴት ሞዞ (ጥርሶቹ ተሰክተው የሚገቡበት) ሌላ ነው። የሚቆነጠጥ ፕላስቲክ ከሆነ ለስንት ራጂ እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ለ32 የተሠራው 36 ላይ ላይቀመጥ ይችላል።

ያለ ሳህን የሚሸጥ ብስክሌት ሲያዩ ጣትዎን በቀኝ ራጂዎች ላይ፣ ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ትይዩ ባለው ቦታ ያሳልፉ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ካቴናው አንድ ጊዜ ገብቷል፤ የተጋጡት ራጂዎች በአዲስ ይተኩ። ሳህኑ ኖሮ በላዩ ጥልቅ የክብ ጭረት ካለበት ሳህኑ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ ያኔ ማንጠልጠያውን ይመርምሩ። ወደ ሙከራ ጉዞ ከመውጣትዎ በፊት ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አውጥተው ካምቢዮውን በእጅዎ ወደ ራጂዎቹ ይግፉት። ከጥርሱ አልፎ ከሄደ የ«ኤል»ን ብሎን ሩብ ዙር እያጠበቁ እንደገና ይሞክሩ፤ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ በቀላሉ እስከወጣና ካምቢዮው ከራጂዎቹ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር እስከራቀ ድረስ።