የማስፈልፈያዬን ሙቀት ላፕቶፔ ላይ ላመጣችልኝ ልጅ ምስጋና

ቢሾፍቱና አዳማ አካባቢ ጫጩት የምታስፈለፍሉ፣ ወይም ሴንሰር ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ፈልጋችሁ ባለሙያ ያጣችሁ ካላችሁ ይቺን ልጅ እወቁልኝ። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ናት። የያዘችውን ሥራ ዳር ሳታደርስ አትነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅበታል። ፋን ባለው ማሽን ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሳይዋዥቅ መክረም አለበት። ቀን ላይ ዓይኔ ሥር ስለሆነ ግድ የለም፣ ጭንቀቱ ሌሊት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በሩ በደንብ ሳይገጥም ሲያድር፣ ማሞቂያው ሲያስቸግር ማን ይነግርሃል? ጠዋት ማሽኑ 37.5 ያሳይሃል፣ ሌሊት የሆነውን የምታውቀው ግን እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሲቀር ነው። ለዚህ ነው አርዱዊኖ ኡኖው (ሴንሰሩን የሚያነበው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ያነበበውን ሙቀት በዩኤስቢ ገመድ እየላከ ላፕቶፑ እንዲመዘግብልኝ የፈለግሁት።

መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አያነሳም። ላፕቶፑ ላይ የሚመጣው የጥያቄ ምልክትና አራት ማዕዘን ብቻ ነበር።

ልጅቷ ስትመጣ ሽቦ አልነካችም። መጀመሪያ ኮዱን አየች። ቦርዱ በሰከንድ በ115200 ቢት ፍጥነት ይልካል፣ ላፕቶፑ በ9600 ያዳምጣል። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ካልተስማሙ የተላከው ፊደል ሌላ ሆኖ ነው የሚነበበው። ሁለቱንም 9600 ላይ አደረገቻቸው። አይዘገይም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ፊደል ከመነሻና ከማብቂያ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚይዝ በሰከንድ ወደ 960 ፊደል ያልፋል፣ ለአንድ የሙቀት ቁጥር ይሄ ከበቂ በላይ ነው አለችኝ።

ቁጥሩ መነበብ ጀመረ። 37.4፣ 37.5፣ 37.5፣ ከዚያ ድንገት 85! እኔ ደነገጥኩ፣ በ85 ዲግሪ እንቁላል ይበስላል እንጂ አይፈለፈልም። እሷ ግን ቁጥሩን እንዳየች፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሙቀት አይደለም፤ ሴንሰሩ ጠፍቶ እንደተነሳ ነው የሚነግርዎት» አለችኝ። የኔ ሴንሰር ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው፣ ኃይል አግኝቶ ሲነሳ ገና ምንም ሳይለካ ውስጡ ያለው ቁጥር 85 ነው። ከዚያ ዝም ብላ ቁጭ አለችና ማያውን ታይ ጀመር። ሪሌው (ቦርዱ የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ቀጭ ብሎ ማሞቂያውን ባበራ ቁጥር 85 ብቅ ይላል። ለካ ሪሌውም ሴንሰሩም ኃይል የሚወስዱት ከቦርዱ ከዚያው ከ5 ቮልቱ ነበር፣ ሪሌው ሲስብ ሴንሰሩ ይራባል። ለሪሌው የራሱ ፓወር ሰጠችው፣ ግራውንዱን (የኃይሉን መመለሻ ሽቦ) ግን አንድ ላይ አገናኘች። አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ኔጌቲቭ 127 ደግሞ ኮዱ ሴንሰሩን ጠርቶ መልስ ሲያጣ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ሽቦው ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ነበር፣ ፈትታ በየደችው። እኔ እኮ አዲስ ሴንሰር ልገዛ ነበር፣ «አይግዙ፣ ይሄ ጤነኛ ነው» ያለችኝ እሷ ናት።

እነዚህ ቁጥሮች ወደፊት ቢመጡ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ እንዳይጥላቸው፣ «ስህተት» ብሎ ከነሰዓቱ እንዲጽፋቸውም አደረገች። ይሄ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ደብቆ፣ ተስተካከለ ብሎኝ ይሄድ ነበር።

ሌላም ነበር። የእንቁላል ማገላበጫውን ሰዓት የሚቆጥረው ያው ኡኖው ነው፣ እና ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙን በከፈትኩ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲከፍት ቦርዱ ራሱን እንደ አዲስ ያስነሳል፣ ኮድ ለመጫን እንዲመች ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሪሴት በሚባለው የቦርዱ ማስነሻ ቀዳዳና በግራውንዱ መሃል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ዕቃ) አስገባችና ነገሩ ቆመ። ካፓሲተሩ እያለ ኮድ ስለማይጫን ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ «ኮድ ሲጫን ይነቀል» ብላ ለጠፈችበት።

አሁን በየ10 ሰከንዱ አንድ መስመር ይመጣል። ኡኖ የቀን ሰዓት ስለማያውቅ ቀኑንና ሰዓቱን ላፕቶፑ ላይ ያለው የፓይተን ፕሮግራም ይጨምርበታል፣ በኮማ ለይቶ ያስቀምጠዋል፣ እኔ በኤክሴል እከፍተዋለሁ። ቦርዱ ከላፕቶፑ ስለሚመገብ መብራት ቢሄድም ባትሪው እስካለ ድረስ ምዝገባው አይቋረጥም። በቅርቡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ሙቀቱ እንዴት እየወረደ እንደሄደ መስመር በመስመር አየሁት። ጄኔሬተር ለማስነሳት ምን ያህል ፋታ እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዋጋዋ ከጠበቅኩት በታች ነው። ኮዱን በፍላሽ ሰጥታኛለች፣ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ አጠገቡ በአማርኛ ተጽፎበታል። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ አይቸገርም። እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማስፈልፈያችሁ ከኮምፒውተሩ የሚርቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት። ዩኤስቢ ለአጭር ርቀት ነው፣ ለረጅሙ አርኤስ 485 የሚባለውን የመገናኛ መስመር ነው የምትመክረው፣ እሱ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። በሥራ ቀን ሌላ ቦታ ስለምትሠራ የምትገኘው ቅዳሜና እሁድ ነው። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጠዋለሁ። ስትደውሉላት የቦርዳችሁንና የሴንሰራችሁን ስም፣ ላፕቶፑ ላይ የሚመጣውንም ፎቶ አንስታችሁ አዘጋጁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።