«ሰርቨር አይግዙ» ላለችኝ ልጅ

አዳማ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ በተለይ «ሲስተም የለም» እያላችሁ ደንበኛ የምትመልሱ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ትንሽ ረዘም ትላለች። ቡናው እስኪፈላ ትጨርሷታላችሁ።

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ሱቃችን ፖስታ ቤት አካባቢ ነው፤ መጋዘኑ ከጀርባው። ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ የባጃጅ ካንዴላ፣ ሌላም ሌላም። የሁሉም ቁጥርና ዋጋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እኔ በጭንቅላቴ የምይዝበት ዘመን አልፏል።

ሰርቨራችን፣ ማለትም ይህን ሁሉ የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር፣ አንድ ሣጥን ነው። ውስጡ ግን ሦስት «ቨርቹዋል ማሽን» አለ። አንዱ ብረት ለሦስት ተከፍሎ እንደ ሦስት ኮምፒውተር ይሠራል ማለት ነው። አንዱ ዳታቤዙን፣ ማለትም የዕቃውን ሁሉ መዝገብ፣ ይይዛል። አንዱ የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራሙን። ሦስተኛው ፋይልና የካሜራ ቅጂ። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ነበር። ከዚያ እየከበደው መጣ። ካሸሯ አንድ ዕቃ ፈልጋ እስክታገኝ ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ ገብቶ ገዝቶ ይወጣል። የማታ መዝጊያው የስቶክ ሪፖርት ደግሞ ስድስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሰዓት ይዤ ነው የለካሁት። በር ዘግተን፣ መብራት አብርተን፣ እሱን እንጠብቃለን።

ሁለት ባለሙያ መጥቶ አይቶታል። አንዱ «ኢንተርኔታችሁ ደካማ ነው» አለ። ሰርቨሩና ካሸሯ ባንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ኢንተርኔት ምን አገባው? ሌላው «ሰርቨሩ አርጅቷል» አለና ለአዲስ ፕሮፎርማ ላከልኝ። ዋጋውን ሳየው ስልኬን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

ይቺን ልጅ ያገናኘኝ የባለቤቴ ወንድም ነው። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተቀጣጠርን። ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣች። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሰርቨሩን ወዲያው አልነካችውም። ካሸሯ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጠችና ስትሠራ ብቻ አየች። «መቼ ነው የሚብሰው?» «ሪፖርት ሲወጣ ሌላው ሰው መሸጥ ይችላል?» እያለች ትጠይቃለች፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ድሮ እህል እናስቀምጥባት ወደነበረችው ጠባብ ክፍል ገባች። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ ስለ አቧራው የተናገረችኝን እዚህ አልደግመውም። ከሰርቨሩ ጀርባ የሚወጡትን ገመዶች አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። ከሰርቨሩ ወደ ስዊች (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሣጥን)፣ ከስዊች ወደ ራውተር (አንዱን ኔትወርክ ከሌላው የሚያገናኘው)፣ ከራውተር ተመልሶ ወደ ስዊች። ቀና አለችና «ጋሼ፣ ደንበኛ ከሌለ ይህን ገመድ ልንቀለው?» አለችኝ።

ነቀለችው። ፕሮግራሙ ወዲያው ዳታቤዙን አላገኘሁም ብሎ ቆመ።

«ዳታቤዙ የት ነው ያለው ጋሼ?»

«እዚሁ ሣጥን ውስጥ።»

«ፕሮግራሙስ?»

«እሱም እዚሁ።»

«ታዲያ የውጭ ገመድ ሲነቀል ለምን ተጣጡ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ባለሙያ ያላየውን ነገር በአንድ ገመድ አሳየችኝ። እስካሁን ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተከለው ሰው ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱን ገመድ፣ የራሱን የኔትወርክ ቁጥር ሰጥቶታል። ሥርዓት ያለው ይመስላል። ችግሩ፣ ቁጥራቸው የተለያየ ስለሆነ በቀጥታ መነጋገር አይችሉም፤ መሃል ላይ ራውተሩ ማስተላለፍ አለበት። ልጅቷ ስታስረዳኝ «አንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ጨው ሊበዳደሩ ልጁን በዋናው በር አስወጥተው፣ አስፋልቱን አዙረው፣ በጓሮ በር እንደሚያስገቡት ነው» አለች። በዚያ ላይ ያ አስፋልት የተጨናነቀ ነው። የስምንት ካሜራ ምስል በዚያው ራውተር ያልፋል።

ስዊቹስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። ደህናው ስዊች መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለብኝ። እኔም ከመጋዘን አሮጌ አውጥቼ ሰካሁ። «ያው ስዊች አይደል?» ብዬ። እሱ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ነበር፤ የተቃጠለው የዚያ አሥር እጥፍ። ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ጀርባውን ገልብጣ አንብባ አወቀችብኝ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርታ አሳየችኝ፣ እኔ ደግሞ ሒሳብ ሲሆን ይገባኛል። የማታው ሪፖርት ዳታቤዙን አንድ ጊዜ አይደለም የሚጠይቀው። ዕቃ በዕቃ እየጠየቀ ወደ 60,000 ጊዜ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 5 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አምስት ሺህኛ) ይፈጃል። 5 ሚሊሰከንድ ምንም አይደለም፤ በ60,000 ሲባዛ ግን 300 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ! ከስድስት ደቂቃ ተኩሉ አምስቱ የሥራ አልነበረም፣ የመንገድ ነበር። «አዲስ ሰርቨር ቢገዙም መንገዱ ያው ነው፤ አይግዙ» አለችኝ።

እሁድ ሱቅ ሲዘጋ መጣች። ሰርቨሩ ውስጥ አንድ ቨርቹዋል ስዊች ፈጠረች፤ ከየትኛውም ገመድ ጋር ያልተያያዘ፣ በሶፍትዌር ብቻ ያለ። ዳታቤዙንና ፕሮግራሙን በሱ አገናኘቻቸው። ፕሮግራሙ ሁለት እግር ኖረው፤ አንዱ ወደ ካሸሮቹ፣ አንዱ ወደ ውስጥ። ዳታቤዙ ግን ወደ ውስጥ ብቻ። ከውጭ የሚያየው የለም። ሌላም ነገር ቀየረች። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሲተከሉ የተሰጣቸው የኔትወርክ ካርድ የድሮ እውነተኛ ካርድን የሚያስመስል ነበር። ማስመሰሉ ራሱ ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ያደክማል። ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ በተሠራው ዓይነት ተካችው።

ከዚያ ለካች። በፊት በሁለቱ መካከል የሚያልፈው በሰከንድ 90 ሜጋቢት አካባቢ ነበር። አሁን 14 ጊጋቢት፣ ማለትም 14,000 ሜጋቢት። ምልልሱ ከ5 ሚሊሰከንድ ወደ 0.2 ወረደ። ሪፖርቱ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። አንድም ዕቃ አልገዛንም። አሮጌዋን ስዊች ብቻ በደህና እንድቀይራት ነገረችኝ፣ ለካሸሮቹ ብላ።

ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ተቀመጥን። ይህን ከየት ተማርሽው ብዬ ጠየቅኋት። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ዓለም ላይ ትልልቅ ባንኮች የሚሠሩበት ሜንፍሬም የሚባል ማሽን አለ፤ አይቢኤም በፈረንጆች 1964 «ሲስተም 360» ብሎ ካወጣው ማሽን የመጣ ዘር ነው። እሱም ለብዙ ክፍል ይከፈላል። ክፍሉን «ኤልፓር» ይሉታል። አንዱ ክፍል ላይ የባንኩ ዳታቤዝ ይቀመጣል፣ ሌላው ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) እና ደንበኛ የሚነካው ፕሮግራም። እነዚህ እንዴት ይነጋገሩ? ከፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ «ሃይፐርሶኬትስ» የሚባል ነገር አለ። ካርድ የለውም፣ ገመድ የለውም፣ ስዊች የለውም። መረጃው ከአንዱ ክፍል ሚሞሪ ወደ ሌላው ሚሞሪ ይገለበጣል፣ በቃ። ፕሮግራሞቹ ግን ተራ ኔትወርክ ላይ ያሉ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ እነሱን መቀየር አያስፈልግም።

አንድ ያስገረመኝ ቁጥር ልንገራችሁ። ተራ ኢተርኔት (የተለመደው የገመድ ኔትወርክ) ላይ አንድ የመረጃ ጥቅል በተለምዶ 1,500 ባይት ነው የሚይዘው። ሃይፐርሶኬትስ ላይ አንዱ እስከ 64 ኪሎባይት እንዲሆን መምረጥ ይቻላል። ባጃጅና ኤፍኤስአር በሉት። ከባድ ጭነት ካለህ በአንድ ጉዞ ትገላገላለህ። በኋለኞቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ እስከ 32 የተለያየ የውስጥ ኔትወርክ መፍጠር ይቻላል፤ የደመወዙ ወሬ ከሽያጩ ወሬ ጋር እንዳይቀላቀል። በፈረንጆች 2016 ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄዱ አለች፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ሚሞሪ ተጋርተው፣ የተለመደውን የኔትወርክ ሕግ አብዛኛውን ዘለው እንዲነጋገሩ። እዚህ ላይ እኔ ጠፋሁ። ቡናዬን ጠጣሁ።

«ነፃ ነው ታዲያ?» አልኳት። ነጋዴ ነኝ፣ ነፃ ነገር ያስጠረጥረኛል። «አይደለም ጋሼ» አለች። መገልበጡን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ በሜንፍሬሙም፣ በእኛም። በገመድ የማትከፍለውን በፕሮሰሰር ትከፍላለህ። የእኛ ሰርቨር ፕሮሰሰር አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ስለሚውል ነው ያዋጣን። ሜንፍሬሙን የለመደችው አይቢኤም «ዜድ ኤክስፕሎር» ብሎ በነፃ በከፈተው የኢንተርኔት ትምህርት ነው። እዚሁ አዳማ ቁጭ ብላ ውጭ ያለ እውነተኛ ማሽን ላይ ትለማመዳለች። ልጆች ያላችሁ፣ ንገሯቸው።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነበር እንዳልላችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ሱቁ ተናወጠ። ሒሳብ ሠራተኛችን ኤክሴሏን ስትከፍት ባዶ ነው። ለካ እሷ ኤክሴሉን በቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር አያይዛው ኖሯል። ዳታቤዙ ደግሞ ከእሁድ ጀምሮ ለውጭ ሰው በሩን ዘግቷል። ልጅቷ ቅዳሜ ዕለት «ከፕሮግራሙ ሌላ ዳታቤዙን በቀጥታ የሚነካ አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ «ማንም የለም» ብያለሁ። ሳላጣራ። ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮዋ በስልክ እየመራችን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የምትፈልገው ቁጥር በየማታው በፋይል እንዲወጣ አደረገች። በሩን መልሳ አልከፈተችውም። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። አሁን ሳስበው ልክ ነበረች።

የማይፈታውንም ሳትደብቅ ነገረችኝ። ይህ ሥራ ሶደሬ መንገድ ላለው ቅርንጫፋችን ምንም አይጠቅምም፤ እሱ በኢንተርኔት ነው የሚገባው፣ መንገዱ ውጭ ነው። ሣጥኑ ራሱ ከተበላሸ ደግሞ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ወስጄ ቤት አስቀምጣለሁ። ሁለት ሳምንት ረስቼ በሦስተኛው ደውላ ጠየቀችኝ። የትኛው ባለሙያ ነው ከተከፈለው በኋላ የሚደውል?

ዋጋዋን ለምትጠይቁኝ፦ ለሁለቱም ቀን የጠየቀችው ለአዲሱ ሰርቨር ከተላከልኝ ፕሮፎርማ አንድ ሃያኛውን አይሞላም። ጨምሬ ልስጣት ስል የታክሲዋን ብቻ ተቀበለች።

ጉድለት አላት። ሰዓት አታከብርም። ስምንት ካለቻችሁ ዘጠኝ ተኩል በሉት። ስልክም ቶሎ አታነሳም፤ በሥራ ቀን ተቀጣሪ ናት፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትመጣው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው። ቴክስት ብታደርጉላት ማታ ትመልሳለች።

ስሟንና ቁጥሯን እዚህ አልለጥፍም፣ እሷም አልፈለገችም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። ዳታቤዛችሁን ማን ማን እንደሚነካ ሠራተኞቻችሁን አንድ በአንድ ጠይቁ። የሰርቨር ክፍላችሁንም አቧራ ጥረጉ፤ እኔ የሰማሁትን እናንተ እንዳትሰሙ።